ጥር ሳይገባ ስለ ጆሮ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልን። ይህ ደብዳቤ በታኅሣሥ እንዲወጣልን የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር ሲገባ ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ድንኳን የማይተከልበት ሰፈር አይገኝም። ድንኳን ባለበት ሞንታርቦ አለ፤ ሞንታርቦ ባለበት ደግሞ ደረቱን ለስፒከሩ ሰጥቶ የሚጨፍር የ20 ዓመት ጎረምሳ አለ። ያው ጎረምሳ 45 ሲሞላው «ሰው ሁሉ ያጉተመትምብኛል» እያለ ሐኪም ፊት ይቀመጣል። በመካከሉ ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ከሠራ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ጆሮው ሥር ክላሽ ከተተኮሰ፣ የሚገርመው መስማቱ ባይቀንስ ነበር።

እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በጆሮ ምርመራና በሥራ ቦታ ደኅንነት የምንሠራ ጥቂት ባለሙያዎች ነን። ለመጻፍ ያነሳሳን ለመስማት መቀነስ በየቤቱ የሚሰጠው ምክንያት ነው። «አርጅቼ ነው»፣ «ኩክ ይዞት ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ የደረሰው በጉርምስናና በጉብዝና ዘመን፣ በድምፅ ነው፤ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው እንጂ። ምክንያቱ ሲሳት መፍትሔውም ይሳታል፤ ዘይት ሲንቆረቆር፣ ጆሮ በክብሪት እንጨት ሲጎረጎር፣ ከገበያ ማጉያ ሲገዛ ዓመታት ያልፋሉ።

የውስጥ ጆሮ ቀንድ አውጣ መሰል፣ በፈሳሽ የተሞላ የአጥንት ቱቦ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅ ታምቡሩን ሲመታ ሦስቱ ትንንሽ አጥንቶች ንዝረቱን ለፈሳሹ ያቀብሉታል፤ ፈሳሹ ሲወዛወዝ ፀጉሮቹ ይጎነበሳሉ፤ ነርቩ ያንን ወደ አንጎል ያደርሳል። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ፀጉሮቹ እንደ ተረገጠ ሣር ይተኛሉ። አንድ ምሽት ከሆነ በአብዛኛው ተመልሰው ይቆማሉ፤ ከሠርግ ማግስት ጆሮ የሚደነዝዘውና የሚጮኸው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚተወው ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን ሕዋሱ ይሞታል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ የሞተውን አይተካም። የዶሮ ጆሮ ይተካል፤ የእኛ አይተካም።

«ማግስቱን ተወኝ፤ ስለዚህ ምንም አልሆንኩም» የሚለው አባባል ራሱ አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከኃይለኛ ድምፅ በኋላ መስማታቸው በመለኪያ ሲታይ ወደ ነበረበት ቢመለስም፣ በሕዋሳቱና በነርቩ መካከል ካሉት መገናኛዎች ብዙዎቹ ጠፍተው ቀርተዋል። በሰው ላይ ይህ የሚገለጥ ከሆነ ጸጥ ባለ ክፍል ምርመራውን አልፎ ሰው በበዛበት ቦታ ንግግር መከተል የሚያቅተው ሰው ማለት ነው።

የጉዳቱ ጠባይ ሲታወቅ ሌላው ሁሉ ይገባል። ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። በሰው ጆሮ ቀዳዳ ቱቦ ተፈጥሮ ምክንያት 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ወደ ውስጥ ሲገባ ጎልቶ ነው የሚገባው፤ ጉዳቱም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 4,000 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። በመስማት ምርመራ ወረቀት ላይ መስመሩ እስከ 2,000 ደህና ሄዶ 4,000 ላይ ጉድጓድ ይገባል፤ 8,000 ላይ መልሶ ብቅ ይላል። የእርጅናው መስመር ግን ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ መልሶ አይወጣም። ዕድሜ ሲጨመርበት ጉድጓዱ ከቁልቁለቱ ጋር ስለሚቀላቀል በ70 ዓመት ሁለቱን መለየት ይከብዳል፤ በ40 ዓመት ግን በግልጽ ይታያል። ምርመራው ቀደም ብሎ ይደረግ የምንለው አንዱ ለዚህ ነው።

የአናባቢዎች ጉልበት በአብዛኛው ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይሰማሉ። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት፣ ክ ግን ደካሞችና ቀጫጭን ናቸው፤ ትርጉም የሚለዩትም እነሱ ናቸው። ጉድጓዱ ያለበት ሰው «ሰጠሁት» እና «ሸጠሁት» አንድ ይሆኑበታል። ባቲ ገበያ ላይ ግመል ለሚያስማማ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሴትና የሕፃን ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይደበዝዛል፤ «የወንድሞቹን ይሰማል፣ የእኔን ግን አይሰማም» የምትል ሚስት ብዙ ጊዜ የምታወራው ስለ ትዳሩ ሳይሆን ስለ 4,000 ኸርዝ ነው። ሌላው ምልክት ግራ የሚያጋባ ነው። ቀስ ብለው ሲነግሩት «ምን አልክ?» ይላል፣ ከፍ ሲያደርጉለት «አትጩህብኝ!» ይላል። ይህ ጠባይ መበላሸት አይደለም። የቀሩት ሕዋሳት ትንሹን ድምፅ አይዙም፤ ትልቁን ግን እንደ ጤነኛ ጆሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ አብልጠው ያስተላልፋሉ። በመካከል የሚቀረው ምቹ ክልል ጠባብ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው። በሥራ ጤና ሙያ በሰፊው የሚሠራበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ 30 ደቂቃ፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ምክንያቱ 3 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል እጥፍ መሆኑ ነው። የሰው ጆሮ ግን የ3 ዴሲቤልን ለውጥ ብዙም አያስተውለውም። ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው፤ ለድምፅ ባለሙያ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው፤ ወደ እሱ እንመለስበታለን። መለኪያ የሌለው ሰው እጅ ሲዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገው ቦታው 85 ደርሷል ወይም አልፏል ብሎ ይያዝ። ስልክ ላይ የሚጫኑ መለኪያዎች 5 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊስቱ ይችላሉ፤ ለግምት ግን ይበቃሉ።

አሁን ይህን ድንኳን ውስጥ እናስገባው። ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ከስፒከሩ 2 ሜትር ላይ 106 ከሆነ 4 ሜትር ላይ 100፣ 8 ሜትር ላይ 94፣ 16 ሜትር ላይ 88 ይሆናል። 2 ሜትር ላይ የቆመው ልጅ የቀኑን ድርሻ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ 16 ሜትር ላይ የተቀመጠው 4 ሰዓት አለው። በቆርቆሮ ወይም በሲሚንቶ የተከበበ ግቢ ከሆነ ድምፁ እየተመለሰ ስለሚደራረብ ርቀቱ ይህን ያህል አይጠቅምም፤ አዳራሽ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ሊረሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለጭፈራና ለሙዚቃ ቦታዎች ያወጣው ልክ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የሚል ነው። ይህ ለስላሳ ሙዚቃ ማለት አይደለም፤ በደንብ ያስጨፍራል።

ሞንታርቦ የሚያከራዩና ሚክሰር ላይ የሚቀመጡ ወንድሞቻችን ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህ ይሁን። ምሽቱ ሲጀመር፣ ጆሮ ገና ሳይደክም፣ ድምፁን አስተካክሉና ዋናው ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻው) የቆመበት ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በላይ አትውጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተመጠነ ድምፅ 5 ሰዓት ላይ ያነሰ የሚመስለው ስፒከሩ ደክሞ ሳይሆን የእናንተ ጆሮ ደንዝዞ ነው፤ በየሠርጉ ድምፅ እየጨመረ የሚሄደው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ስፒከሩን መሬት ላይ አታስቀምጡት። መሬት ላይ ሲቀመጥ የፊተኞቹን ጆሮ እየመታ የኋለኞቹ አይሰሙም፤ «አልሰማንም» ሲሉ ይጨመራል፤ የፊተኞቹ ይጎዳሉ። በማቆሚያ ከሰው ራስ በላይ፣ 2 ሜትር ግድም አውጥታችሁ አፉን ወደ ኋለኛው ወንበር አዘንብሉት። ረጅም ድንኳን ከሆነ ሁለት ትልልቅ ፊት ለፊት ከመደርደር አራት ትንንሽ በየመካከሉ ማቆም ይሻላል። ሦስተኛ፣ የሚክሰሩ ቀይ መብራት በተደጋጋሚ የሚበራ ከሆነ ድምፁ እየተቆረጠ ነው፤ ቃሉ አልሰማ ሲል ደግሞ ሰው ጨምሩ ይላል። ቀንሱት፤ ይጠራል። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ 3 ዴሲቤል ማውረድ ነው፤ ከእንግዶቹ የሚነቃ የለም፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ግን በግማሽ ይቀንሳል። አዛውንቶችንና ሕፃናትን ከስፒከሩ ሥር አለማስቀመጥ የጥሪ አስተናጋጁ ሥራ ነው። ማሲንቆና ዋሽንት ይህን ሁሉ ምክር አይፈልጉም ነበር። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር ሰው ዘፈን ለመስማት ከስፒከር ጋር መታገል የለበትም ብለን እናምናለን።

ስለ ተኩስ የምንለው አጭርና ጥብቅ ነው። ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ ቅጽበታዊ ድምፅ ሰዓት አይጠብቅም፤ አንዴ በቂ ነው። የክላሽ ተኩስ ከተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ በሠርግም በለቅሶም ለክብር የሚተኮሰው፣ በተለይ በጣሪያና በግድግዳ መካከል፣ ከሙዚቃው ሁሉ ይብሳል። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ጆሮው ነው የሚጎዳው፤ ግራው ወደ አፈሙዙ ይዞራል፣ ቀኙን ራሱ ይከልለዋል። በምርመራ ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኝ ሲለያዩ «ትተኩስ ነበር?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከባድ መሣሪያ በተተኮሰባቸው አካባቢዎች የነበሩ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ፍንዳታ ሕዋሳቱን ከመጉዳቱም በላይ ታምቡር ይቀዳል፣ ትንንሾቹን አጥንቶችም ሊያለያይ ይችላል። ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በሁለት ሦስት ወር በራሱ ይዘጋል፤ ካልዘጋ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። እስኪዘጋ ድረስ ውሃ እንዳይገባ በቫዝሊን የታሸ ጥጥ መወተፍ ያስፈልጋል፤ ለጠበልም ሆነ ለትጥበት። ከዚያ ወዲህ መስማት የቀነሰበትና እስካሁን ያልታየ ሰው ካለ ዛሬም አልረፈደም፤ የአጥንትና የታምቡር ጉዳት ከሕዋሱ ጉዳት በተለየ መንገድ ሊታከም የሚችል ነው።

በሥራ ቦታ ትልቁ ችግር ድምፁ በየቀኑ መሆኑ ነው። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ፣ የእንጨት መጋዝ፣ የፋብሪካ ሽመና ማሽንና ወፍጮ በአብዛኛው ከ90 እስከ 105 ዴሲቤል ውስጥ ናቸው። ወፍጮ ቤት ብዙ ሊሻሻል የሚችል ቦታ ነው። ናፍጣ ሞተሩን ከግድግዳው ውጭ አስቀምጦ ቀበቶውን በቀዳዳ ማሳለፍ፣ ጭስ ማውጫውን ከነማፈኛው ከጣሪያ በላይ ማውጣት፣ ከማሽኑ እግር ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ፣ የተንቀጫቀጨ የላሜራ ክዳን ማሰር። እህሉን የሚያደቁት የወፍጮው መዶሻዎች እኩል ካልተበሉ ሚዛን ይስታሉ፤ ያኔ ድምፁም ንዝረቱም ይጨምራል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። መዶሻ ሲቀየር አንዱን ብቻ ሳይሆን ከዘንጉ ወዲያና ወዲህ ያሉትን ጥንድ ጥንዱን በእኩል ክብደት መቀየር ይገባል። ወረፋ የሚጠብቁ እናቶችና ልጆች ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ይቀመጡ፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ማውጣት ነው የሚያስፈልገው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ኮምቦልቻን በመሰለ የፋብሪካ ከተማ ይህ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ሠራተኛው ሲቀጠር መነሻ የመስማት ምርመራ፣ ከዚያም በየዓመቱ አንድ። ምርመራው ከፈረቃ በኋላ ከተደረገ የደነዘዘ ጆሮ ነው የሚለካው፤ ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ርቆ መምጣት አለበት። በ2,000፣ በ3,000 እና በ4,000 ኸርዝ የተገኘው አማካይ ውጤት ከመነሻው በ10 ዴሲቤል ከወረደ፣ ሠራተኛው ገና ምንም ባይሰማውም ያኔ ነው የሥራ ቦታውና የጆሮ መሰኪያው የሚፈተሸው።

ጥጥ መከላከያ አይደለም፤ የሚቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የስፖንጅ ጆሮ መሰኪያ በትክክል ሲገባ ይሠራል፤ ብዙዎች ግን ጫፉን ብቻ ሰክተው ይሄዳሉ። አገባቡ ይህ ነው። እጅን መታጠብ። መሰኪያውን በጣቶች መካከል እያሽከረከሩ ሳይጨማደድ ቀጭን እስኪሆን መጠቅለል። የቀኙን ጆሮ ለመሰካት ግራ እጅን በራስ ላይ አሳልፎ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፤ ይህ ካልተደረገ ቱቦው ጠማማ ስለሆነ አይገባም። ወዲያው አስገብቶ በጣት ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መያዝ፣ እስኪነፋ። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው አብዛኛው መሰኪያ ከታየው አልገባም ማለት ነው። በደንብ ሲገባ የራስ ድምፅ ወፍሮ በራስ ቅል ውስጥ ይሰማል። ማሸጊያው ላይ 30 ዴሲቤል ቢጻፍም በሥራ ላይ ግማሹ ከተገኘ ጥሩ ነው። በ8 ሰዓት ውስጥ 30 ደቂቃ ብቻ አውልቆ መቆየት የ30 ዴሲቤሉን ጥበቃ ወደ 12 ያወርደዋል፤ ለማውራት ብሎ በየጊዜው የሚያወልቅ ሰው እንዳላደረገ ይቁጠረው። ግራይንደር ለያዘ ሰው፣ እጁ በዘይት ስለሚቆሽሽ፣ ከመሰኪያ ይልቅ ከላይ የሚከደነው ሽፋን ይሻላል፤ የመነጽር ዘንግ ከሥሩ ከገባ ግን ድምፅ ያሾልካል። ለሙዚቀኛ ደግሞ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ አብልጦ ስለሚያፍን ዜማውን ያበላሽበታል፤ ለሙዚቀኞች የተሠራ ባለ ማጣሪያ መሰኪያ አለ፣ ሁሉንም በእኩል ወደ 15 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።

ስለ ስልክና ኤርፎን ብዙ ተብሏል። ከመጠኑ 60 በመቶ አለማለፍ ጥሩ ልማድ ነው። እኛ የምንጨምረው፣ ሰው የሚያበዛው ባጃጅና ሚኒባስ ውስጥ መሆኑን ነው፤ የሞተሩን ድምፅ ለማሸነፍ ይጨምራል፣ ሲወርድ መቀነስ ይረሳል።

ድምፅ ብቻውን አይደለም። ጀንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን የተባሉት መርፌዎች፣ ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም እነዚያኑ ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ከጩኸት ጋር ሲገናኙ ጉዳቱ ይባባሳል። መርፌ እየወሰደ ያለ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ወፍጮ ቤት አይግባ፣ ጆሮው መጮህ ከጀመረ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ይናገር። ያለ ትእዛዝ ጀንታማይሲን መወጋት የሚያስከፍለው ዋጋ አንዳንዴ ይኸው ነው።

ኩክን በተመለከተ፣ ጆሮ ራሱን ያጸዳል። ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ባለ ጥጥ እንጨትም ቢሆን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል። በእርግጥ ከተዘጋ 2 ወይም 3 ጠብታ የወይራ ዘይት በቀን ሁለቴ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማሳጠብ። የማጠቢያው ውሃ የሰውነት ሙቀት ያህል፣ 37 ዲግሪ ግድም መሆን አለበት፤ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ራስ ያዞራል። ጆሮው መግል የሚያፈስ ከሆነ ወይም ታምቡሩ ተቀዶ ከነበረ ዘይትም፣ ውሃም፣ የጤናዳም ጭማቂም፣ የጡት ወተትም አይገባበትም። ኩክ ወጥቶ መስማቱ ካልተመለሰ ጥፋተኛው ኩኩ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። መስማት በአንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከጠፋ «ኩክ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋው ይመነምናል። በቀጥታ የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይኬድ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚጮህ ወይም ከልብ ምት ጋር የሚመታ ጩኸትም መታየት አለበት።

ቤት ውስጥ ለመሞከር መሣሪያ አያስፈልግም። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ከሰውዬው ኋላ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ መቆም፤ ከኋላ የሚቆመው ከንፈር እንዳያይ ነው። የማይፈተነውን ጆሮ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ በጣት ተጭኖ እያሹ መዝጋት። ትንፋሽን ካስወጡ በኋላ ሦስት ነገር ማንሾካሾክ፤ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለ፣ «ስድስት፣ ፈ፣ ሁለት» እንደማለት። ካልደገመው ሌላ ሦስት። ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱን መድገም ካቃተው ይመርመር። ትንፋሽ ሳይወጣ ከተንሾካሾከ ድምፁ ስለሚበዛ ፈተናው ይቀላል። መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን በ3 ደቂቃ ሊሠሩት ይችላሉ።

የሞተ ሕዋስ የሚያስነሳ ኪኒን፣ ቫይታሚንም ሆነ መርፌ እስካሁን የለም። ያለው የመስሚያ መሣሪያ ነው፤ እሱም ሲለካ ብቻ። በገበያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ርካሽ ማጉያ ወፍራሙንም ቀጭኑንም አንድ ላይ ያጎላል፤ ጉድጓዱ 4,000 ላይ ላለ ሰው የሚያስፈልገው ቀጭኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የበሩ መንጓጓት ይጮህበታል፣ ቃሉ ግን እንደደበዘዘ ይቀራል፤ ሳጥን ውስጥ የሚገባውም በሳምንቱ ነው። ተለክቶ የተሰጠም ቢሆን አንጎል እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት በቀን 1 ወይም 2 ሰዓት፣ ቀስ በቀስ መጨመር፤ ገበያና ሠርግ መጨረሻ። ካፏጨ ብዙ ጊዜ ቅርጹ፣ ማለትም በጆሮው ልክ ተሠርቶ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይም ኩክ ደፍኖታል፣ ወይም ቅርጹን ከመሣሪያው የሚያገናኘው ቱቦ ተሰንጥቋል። ቅርጹ ከመሣሪያው ተለይቶ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ መሣሪያው ራሱ ውሃ አይነካውም። ቱቦው ሲደርቅና ሲጠነክር፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ይቀየራል። ባትሪው ተለጣፊው ከተነሳ በኋላ በአየር የሚሠራ ስለሆነ ቢያንስ 1 ደቂቃ፣ ቢቻል 5 ደቂቃ ክፍት ቆይቶ ይግባ፤ ወዲያው የገባ ቶሎ ያልቃል። ተለጣፊውን መልሶ መለጠፍ አያቆየውም።

ቤተሰብ ደግሞ መጮህ ይተው። ጩኸት የሚያጎላው የሚሰማውን አናባቢ ነው። ስም ጠርቶ፣ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሶ፣ በመጠኑ ዘግየት ብሎ መናገር። ያልገባውን ቃል መድገም ሳይሆን መቀየር፤ «አባባ፣ ሐሙስ ነው» ሲባሉ ካልሰሙ «ከነገ ወዲያ ነው» ማለት። ዋጋና ቀጠሮ ሲሆን ግን ቁጥሩን ራሳቸው እንዲደግሙት ማድረግ። ቡና ሲፈላ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ይቀመጡ፤ ብርሃኑ የሌሎቹ ፊት ላይ ያርፋል፣ ከንፈር ይታያል። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃና መጅሊስ ያለበት ክፍል ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ትልቅ ልዩነት አለው።

በመጨረሻ ለከተማ አስተዳደሮችና ለጋዜጣው። አገራችን በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትንም አካታለች፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሱቅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ወደ መንገድ የሚጮኽ ስፒከር ይህን እንደሚያልፍ ለማወቅ መለኪያ አያሻም፤ ስፒከሩን ወደ ውስጥ ማዞር የሚያስወጣው ወጪ የለም። የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ የካቲት 24 ይውላል፤ ከዓድዋ በዓል ማግስት ማለት ነው። ጋዜጣው በዚያ ሳምንት ጥቂት መስመር ከሰጠን ለአንባቢያን የሚጠቅም አንድ ዝርዝር ልናወጣ እንፈልጋለን፦ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ በየከተማው የት ይገኛል የሚል። ባትሪ ፍለጋ ከላሊበላ ወይም ከባቲ ደሴ ድረስ የሚመጣ ሰው መሣሪያውን ቶሎ ይተዋል። ብርቱካንማ ተለጣፊ ያለውን 13 ቁጥር፣ ቡናማውን 312፣ ሰማያዊውን 675 የሚሸጥ መድኃኒት ቤት የምታውቁ የወልድያ፣ የላሊበላ፣ የከሚሴ፣ የሐይቅና የባቲ አንባቢያን ለጋዜጣው ጽፋችሁ አሳውቁልን፤ ስትገዙም ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ከጀርባው ያለውን ቀን እዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴና ኮምቦልቻ በጆሮ ምርመራና በሥራ ቦታ ደኅንነት የሚሠሩ ባለሙያዎች